ጥሬውና ብስሉ ፎቶግራፍ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ አገሩ እየተለወጠበት ይሄዳል። ዳገቱን በወጣ ቁጥር ደኑ እየጠበቀ፣ ጭጋጉ እየወረደ፣ ብርሃኑም እየለዘበ ይመጣል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ይህ መንገደኛ ካሜራ፣ ካሜራም ባይኖረው ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ሳይዝ አይሄድም። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ፣ ቦንጋም በ2014 ዓ.ም. ለተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ከሆነች ወዲህ፣ የዚህ አገር ፎቶግራፍ በጋዜጣም በማስታወቂያም በርክቷል።

ፎቶግራፉ ሲበረክት ሐሜቱም አብሮ በረከተ። «ይህ እኮ የተነካካ ነው፤ ደኑ እንዲህ አረንጓዴ አይደለም» ይባላል። ባለሙያው ደግሞ «እኔ የማነሣው በሮው ነው፤ ኋላ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ለማያውቀው ሰው ጥፋትን እንደ ማመን ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በዛሬው ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር የሚባል ጠፍጣፋ ነገር አለ። ቁልፉ በተጫነ ጊዜ ሴንሰሩ የሚመዘግበው ሥዕል ሳይሆን በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ያረፈውን የብርሃን ልክ ነው። ይህ መዝገብ እንዳለ ሲቀመጥ ሮው ይባላል፤ ጥሬ ማለት ነው። ካሜራው ግን አትንካ ተብሎ ካልታዘዘ በቀር ጥሬውን ራሱ አብስሎ ያቀርባል። ነጩ የቱ እንደ ሆነ ይገምታል፤ ጥላውን ያጠቁራል፤ ቀለሙን ያደምቃል፤ ከዚያም አያስፈልግም ያለውን ጥሎ የቀረውን ጄፔግ በተባለው ዓይነት ጠቅልሎ ያስቀምጣል። እንግዲህ «ያልተነካ» የምንለው ፎቶግራፍም ተነክቷል ማለት ነው። የነካው ፋብሪካው አስቀድሞ ያዘዘው መሣሪያ ነው፤ ያም ፋብሪካ ቦንጋን አይቶ አያውቅም።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን ያለው 256 ደረጃ ብቻ ሲሆን፣ ጥሬው እንደ ካሜራው ዓይነት 4,096 ወይም 16,384 ደረጃ ይይዛል። የካፋ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ጥሬ ቡና እንደ ወደዱት ይቆላል፤ አንድ ጊዜ ካረረ ግን ወደ ጥሬነቱ የሚመልሰው የለም።

በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ እናስብ። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ጀበናውን የያዘችው እናት ነጠላ ለብሳለች፤ ነጠላው ከበሩ በሚመጣው ብርሃን ያበራል፣ ፊቷ ግን በጥላ ውስጥ ነው። ካሜራው በራሱ ግምት ሲያነሣ ወይ ነጠላው ጥለቱ ጠፍቶ እንደ ወረቀት ይነጣል፣ ወይም ፊቷ ጠቁሮ ዐይኗ እንኳ አይለይም። ጥሬ የሚያነሣው ባለሙያ ለነጠላው ተጠንቅቆ ያነሣና ፊቷን በኋላ ከጥላው ያወጣዋል። ይህን ጌጥ መጨመር ነው የሚል ቢኖር፣ በዚያ ቤት ተቀምጦ ቡናውን የጠጣው እንግዳ ጥለቱንም ፊቷንም አይቷቸው እንደ ነበር እናስታውሰዋለን። በፊልም ዘመንም ቢሆን የቀለም ፊልም ይመዘን የነበረው በነጭ ሴቶች ፎቶግራፍ ስለ ነበር፣ የጥቁር ሰው ፊት ለብዙ ዓመታት መልኩ ሳይለይ ይወጣ ነበር። የመሣሪያውን ግምት እንደ እውነት መቀበል ለእኛ ከሌላው የበለጠ ያስከፍለናል።

የደኑም ነገር እንዲሁ ነው። በቅጠል መካከል ተጣርቶ የሚወርድ ብርሃን ያረፈበትን ሁሉ አረንጓዴ ያስመስለዋል። ከደን የተቆረጠ ነጭ ማር በዚያ ጥላ ሥር አረንጓዴ ወዝ ይዞ፣ ማታ በአምፖል ሲነሣ ደግሞ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ገዢ በፎቶግራፍ አይቶ በሚያዝበት በአሁኑ ጊዜ ነጩን ማር ወደ ነጭነቱ መመለስ እውነትን መናገር ነው።

ነገር ግን ያው እጅ በሌላ ቀን ሊዋሽ ይችላል። ግማሹ ቀይ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ የቡና እሸት ቀዩን ቀለም ጥቂት ከፍ በማድረግ ሁሉም የበሰለ መስሎ ይታያል። የተመነጠረ የደን ዳርቻ ከሥዕሉ ተቆርጦ ይወጣል። ሐሜተኛው እንግዲህ በከንቱ አይናገርም፤ ስሕተቱ ማስተካከልን ሁሉ በአንድ ስም መጥራቱ ላይ ነው።

ታዲያ ይህንና ያን የሚለየው ዳኛ ማነው? ጥሬው ራሱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው የዓለም የጋዜጣ ፎቶግራፍ ውድድር የአንድ ዩክሬናዊ ፎቶግራፍ አንሺን ሽልማት ሰርዟል። ሰውዬው ሥዕሉን እጅግ ቆርጦት፣ ወደ ጥቁርና ነጭም ለውጦት ነበር፤ የተቀጣው ግን በዚህ አይደለም። ጥሬው ቀርቦ ሲመረመር ከበስተኋላ ትታይ የነበረች የአንድ ሰው እግር ጠፍታ ተገኘች። በ2013 ደግሞ የዓመቱን ታላቅ ሽልማት ያገኘው ስዊድናዊው ፖል ሐንሰን በጋዛ ያነሣው የቀብር ሥዕል ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው ተብሎ ቢከሰስ፣ ባለሙያዎች ጥሬውን መርምረው ክሱን አፈረሱለት። አንዱን ያዋረደው ጥሬ ሌላውን ነጻ አወጣ።

እርግጥ ሁሉም በዚህ አይስማማም። ሮይተርስ በ2015 ከግል ፎቶግራፍ አንሺዎች ከጥሬ የተዘጋጀ ሥዕል አልቀበልም፣ ካሜራው ራሱ የሰጠውን ጄፔግ ላኩልኝ ብሏል። ምክንያቱ ፍጥነትና ታማኝነት ነው። ስለ ፍጥነቱ መከራከር አይቻልም፤ ስለ ታማኝነቱ ግን መሣሪያው ከሰው ይልቅ ይታመናል ማለት ለዚህ ጸሐፊ ብዙም አይዋጥለትም። ኮምፒውተር ያልነበረን ሰውና ቦታ እየፈጠረ በሚሥልበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ፣ ብስሉን ብቻ የያዘ ሰው «በእርግጥ እዚያ ነበርህ?» ሲባል የሚያሳየው ነገር ያጥረዋል።

ማስተካከል ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አመል አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበሩበት ጊዜ፣ በየትኛውም አገር ፎቶ ቤት ሪቱሽ የተለመደ ሥራ ነበር፤ ኔጋቲቩ በእርሳስ ጫፍ ይነካ ነበር። ኔጋቲቩ ግን አይጣልም፤ ለዛሬው ሰው ጥሬው ማለት ያ ኔጋቲቭ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ስምንት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1905 ወደ ካፋ መጥቶ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ስለ ሕዝቡም ሁለት ትልልቅ ጥራዞች አሳትሟል። ዛሬ የዚያን ጊዜውን አለባበስና ቤት የሚመረምር ተማሪ እነዚያን ሥዕሎች ይፈልጋል። ከመቶ ዓመት በኋላም አንዱ የደኑ ዳርቻ በዚህ ዘመን እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር ለማወቅ የእኛን ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከማስታወቂያ የተረፈ እጅግ የደመቀ አረንጓዴ ብቻ ቢያገኝ ምን ይጠቅመዋል?

ጥሬው ቦታ ይይዛል፤ ከጄፔጉ ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ከየወረዳው በቀርፋፋ ኢንተርኔት እንላከው ቢሉም ቀኑን ይፈጃል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ካሜራ የተሰጣቸው ወጣት ሠራተኞች ካሜራው ሁለቱንም በአንድነት እንዲጽፍ ቢያዙት ይሻላል፤ ብዙው ካሜራ ይህን ያደርጋል፣ ከስልኮችም ጥሬ የሚያነሡ አሉ። ጄፔጉ ለዕለቱ ዜና ይሂድ። ጥሬው ቀኑና ቀበሌው ተጽፎበት በሁለት ዲስክ ይገልበጥ፤ የካፋ እርጥበት ለዕቃ የማይመች ስለ ሆነ አንደኛው ዲስክ ከቦንጋ ውጭ ቢቀመጥ መልካም ነው።