ወላጅ በተማሪ መቀመጫ ላይ

ባለፈው ኅዳር ልጃችን ከትምህርት ቤት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። «የ1ኛ ክፍል ወላጆች ሁሉ ቅዳሜ ከጧቱ በ3 ሰዓት በክፍላችን እንድትገኙልን» የሚል ነበር። በአገራችን ልማድ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ከሁለት ነገር ባንዱ ነው፤ ወይ መዋጮ ተፈልጎ፥ ወይ ልጁ መስኮት ሰብሮ። ባለቤቴም ወረቀቱን እንዳየች «ይህ ልጅ ደግሞ ምን አጥፍቶ ይሆን?» አለች። ልጁ ምንም እንዳላጠፋ ሲምል፥ እኔ ጥቂት ገንዘብ በኪሴ ይዤ፥ ለክርክርም ጭምር ተዘጋጅቼ ሄድሁ።

ከክፍሉ ስንደርስ መምህርቱ በልጆቻችን አግዳሚ ወንበሮች ላይ አስቀመጡን። ጉልበታችን ወደ አገጫችን እየቀረበ ተጨናንቀን ከተቀመጥን በኋላ «ዛሬ ስለ ልጆቻችሁ ጠባይ አልከስም፤ ገንዘብም አልጠይቅም። እኔ ቀን የማስተምረውን እናንተ ማታ በቤታችሁ እንዴት ልታግዙት እንደምትችሉ ላሳያችሁ ነው» አሉን።

ከዚያም በሰሌዳው ላይ ፊደልን ጽፈው እንደ ሕፃናት አስዜሙን። እየተሳሳቅን እስከ መጨረሻው አደረስነው። ቀጥሎም ሰሌዳውን ጠርገው «ሚ»ን ብቻዋን ጻፉና እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ ከክፍሉ ልጆች የሚበዙት ፊደልን ከዳር እስከ ዳር እንደ መዝሙር ይወርዱታል፤ ነገር ግን አንዲቱን ፊደል ከመስመሯ አውጥተው ሲያሳዩአቸው «መ፥ ሙ፥ ሚ» እያሉ ከመነሻዋ ካልጀመሩ በቀር ስሟን ሊያገኙት አይችሉም። ጆሮአቸው ተምሯል፤ ዓይናቸው ግን ገና አልተማረም።

ይህ ቃል እኔን ነካኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጁን አቁሞ ፊደል የሚያስወርድ፥ የእንግዳውንም አድናቆት እንደ ራሱ ሹመት የሚቀበል አባት እኔ ነኝና። ያው ልጅ በደብተሩ ላይ የተጻፈችውን «ሚዳቋ» የምትል ቃል ማንበብ ሲያቅተው ደግሞ «ትናንት የቆጠርኸውን ዛሬ እንዴት ትረሳለህ!» እያልሁ ጠረጴዛ እመታ ነበር። ልጁ ግን አልረሳውም ነበር፤ ቀድሞውንም አላወቀውም ነበርና። ስንት ማታ ዕንባውን በእጅጌው እየጠረገ እንደ ተኛ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ማስላት ጀመርሁ።

በልጅ ልጃቸው ምክንያት የመጡ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው «ታዲያ የኔታ አቡጊዳን ያስቆጠሩን ለዚሁ አልነበረምን?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ እውነት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ ያንኑ ፊደል በሌላ ተራ፥ አ ቡ ጊ ዳ እያለ እንደ ገና ይቆጥረዋል። በዚህ ተራ ፊደሉም ድምፁም በየርምጃው ስለሚለዋወጥ ቀድሞ በጆሮ የተያዘው ዜማ አያድነውም፤ ስንጥሩ ያረፈበትን ፊደል ዓይን ካልለየው አፍ ዝም ይላል። የዘመኑ ትምህርት ቤት አቡጊዳን ሲተው ከእርሱ ጋር ምን እንደ ተወ አጥብቆ የመረመረ ያለ አይመስለኝም። ይህ ግን የእኔ አሳብ ነው እንጂ መምህርቱ አላሉትም።

እርሳቸውስ በሽማግሌው ቃል ደስ ተሰኝተው ወዲያው ወደ ሥራ አስገቡን። ባዶ የሳሙና ካርቶን በመቀስ ቆራርጠን በየቁራጩ ላይ አንዳንድ ፊደል ጻፍን። በአንድ ማታ ከ5 ወይም ከ6 ፊደል እንዳይበልጥ፤ ልጁ ያወቀውን ለራሱ እንዲወስድ፤ ያላወቀውን ወላጁ ስሙን ነግሮት ወደ ክምሩ እንዲመልሰው፤ ጨዋታውም ልጁ ሳይሰለች እንዲያበቃ ነገሩን። በተለይ ተ ከቸ፥ ነ ከኘ፥ ደ ከጀ ጋር ጎን ለጎን ቀርበው እንዲለዩ አሳሰቡ። ከዚያም ወላጅ ከወላጅ ጋር እንድንጫወት አዘዙን። እኔ ተማሪ ሆኜ ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ሲያጣድፉኝ፥ ያወቅሁትን ፊደል እንኳ አፌ አልል አለኝ።

ከበሩ አጠገብ የነበሩ አንዲት እናት ግን ካርቶኑን አልነኩም። በሰፈራችን ጉልት ሽንኩርት የሚሸጡ ናቸው። መምህርቱ ቀረብ ሲሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለመሄድ ተነሡ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እዚህ ተቀምጬስ ምን እረባለሁ? ልጄን አሳፍረው እንደ ሆነ ነው እንጂ» አሉ።

«እትዬ፥ እባክዎ ይቀመጡ» አሏቸው መምህርቱ። «ከእርስዎ የምፈልገው እንዲያነቡ አይደለም፤ እንዲሰሙ ነው። ማታ ወጥ ሲሠሩ ልጁ አጠገብዎ ሆኖ ጣቱን ከቃሉ በታች እያስኬደ ያንብብልዎ። ቢያቆም አያስቸኩሉት። ሲጨርስ ‹ምን ይላል? እስቲ ንገረኝ› ይበሉት። ሒሳቡንማ ለእኛም የሚያስተምሩን እርስዎ ነዎት። የ35 ብር ሽንኩርት ገዝቼ 100 ብር ብሰጥዎ?» ሴትዮዋ ሳያስቡ «65 እመልሳለሁ» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁና ተቀመጡ።

መምህርቱ ይህን የተናገሩት ሴትዮዋን ለማጽናናት ብቻ አይመስላችሁ። በለንደን ከተማ ሃሪንጌይ በተባለው ሠፈር እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1978 ድረስ ጃክ ቲዛርድና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አድርገው ነበር። አንዳንዶቹ ሕፃናት ከትምህርት ቤት በተላከላቸው መጽሐፍ በቤታቸው ለወላጆቻቸው እያነበቡ ቆዩ፤ ሌሎቹ ደግሞ በትምህርት ቤት ተጨማሪ መምህር ተመድቦላቸው አነበቡ። ውጤቱ በ1982 ሲታተም ከፍ ያለ መሻሻል የታየው ለወላጆቻቸው ባነበቡት ላይ ነበር። ከእነዚያም ወላጆች መካከል እንግሊዝኛ የማያነቡ፥ ከናካቴው ማንበብ የማይችሉም ነበሩ።

ወላጆችን በክፍል ሰብስቦ ማሠልጠንንም በሥርዓት የያዙት አሉ። በአሜሪካ፥ በአሪዞና፥ በፊኒክስ ከተማ ክሬይተን በሚባለው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ማሪያ ፓሬዴስ የተባሉ የትምህርት ባለሞያ የጀመሩት ዘዴ እንዲህ ነው። የአንድ ክፍል ወላጆች በዓመት 3 ጊዜ ለ75 ደቂቃ ከመምህሩ ጋር ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብም አንድ ጊዜ ለብቻው 30 ደቂቃ ያገኛል። መምህሩ የክፍሉን ውጤት ያሳያል፤ የልጆቹ ስም ግን አይጻፍም፤ ወላጁ የሚያውቀው የራሱን ልጅ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያም በ60 ቀን ውስጥ ልጁ ሊደርስበት የሚገባውን ግብ ቆርጦ፥ የቤቱን መለማመጃ እዚያው ሞክሮ ይሄዳል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ ያሰኘኝ ስም አለመጠራቱ ነው። በእኛ ስብሰባ ላይ ስም ባይጠራ ኖሮ ስንት እናት ከበሩ አጠገብ ባልተቀመጠች!

ነገሩ ለእኛ ትርፍ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁላችንም በአንድ ቀን መምህራን ተባልን፤ አደራረጉን ግን ያሳየን አልነበረም። በእርግጥ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ለጉልት ሻጭ እናት የግማሽ ቀን ስብሰባ የግማሽ ቀን እንጀራ ነው። መምህርቱም ይህን ስለ ተረዱ ቀጣዩን ስብሰባ ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዛውረውታል። ከአባቶች የመጣነው 4 ብቻ መሆናችንን ግን በገበያ ላሳብበው አልችልም።

ያን ማታ ካርቶኑን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ልጁ ጠረጴዛው ሳይመታ መቀመጡ አስደንቆት ጥቂት ጊዜ ፊቴን ሲመለከት ቆየ። ከዚያ «ሚ»ን ለይቶ አነሣና ለራሱ ወሰደ። ቀጥሎም «ሀ»ን፥ «ሐ»ን፥ «ኀ»ን በአንድ ረድፍ ደርድሮ «አባባ፥ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ?» ሲል ጠየቀኝ። በግእዝ ድምፃቸው የተለያየ እንደ ነበረ፥ በአማርኛ ግን አንድ እንደ ሆነ ነገርሁት። «እስቲ የድሮውን በልልኝ» አለኝ። ሞከርሁ፤ እርሱም ሳቀብኝ። ለሚመጣው ስብሰባ ሽማግሌውን ፈልጌ ከአጠገባቸው ልቀመጥ አስቤአለሁ።