ካርዱ ይሠራል፤ ግን የት ላይ?

ግራፊክስ ካርድ ልንገዛ ስንወጣ ጥያቄያችን ሁሌም አንድ ነው፡፡ ‹‹ስንት ጂቢ ነው?›› ሻጩም መልስ አያጣም፤ 4 ይላል፣ 8 ይላል፡፡ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር እንገባለን፡፡ ካርዱ የሚገባበት ኮምፒዩተር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፡፡ ጫማ እንኳ ስንገዛ ‹‹ልለካው›› እንላለን እኮ!

ጂቢ ደግሞ ብቻውን ብዙ አይናገርም፡፡ ጂቲ 1030 የሚባለውን ካርድ እንይ፡፡ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ጂዲዲአር5 ሚሞሪ ይዞ ወጣ፤ በ2018 በዚያው ስም በዲዲአር4 መጣ፡፡ ሁለቱም 2 ጂቢ ናቸው፡፡ የመጀመሪያው ሚሞሪ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያመላልስ ሁለተኛው 17 አይሞላም፡፡ ‹‹ስንት ጂቢ›› ብሎ ብቻ የጠየቀ ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ጌሙ ሲንቀራፈፍበት ነው፡፡

ዋናው ጉዳይ ግን ኤሌክትሪክ ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን ‹‹የጌም ኮምፒዩተር›› የምንለው የውጭ አገር ቢሮ ተገልግሎበት የመጣ ዴስክቶፕ ነው፡፡ ለምሳሌ የ2012ቱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፡፡ ጠንካራ ማሽን ነው፣ አናማውም፤ የተሠራው ግን ለኤክሴል ነው፡፡ ትልቁ ኬዝ 275 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው፣ ቀጭኑ 240፡፡ ካርዱ የሚሰካበት ስሎት በደንቡ ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው፡፡ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ገመድ መመገብ አለበት፡፡ ባለ 6 ፒኑ ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምራል፡፡ በእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ውስጥ ገመዱ ጭራሽ የለም፡፡ አርቲኤክስ 3060 ብቻውን 170 ዋት ይበላል፤ ኢንቪዲያ ራሱ ለእሱ የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፡፡

እዚህ ላይ ‹‹ችግር የለም፣ ኮንቨርተር አለው›› የሚል ድምፅ ይመጣል፡፡ ኮንቨርተር የመሰኪያውን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ዋት አይወልድም፡፡

ፓወር ሰፕላዩን እንቀይር ካልንም ማሽኑን ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ የ7010 ትልቁ ኬዝ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ስለሚጠቀም ይቻላል፡፡ በ2013 የወጣው 9020 ግን ማዘርቦርዱ ላይ የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ነው ያለው፤ ለብቻው የሚሸጠው ማገናኛ ካልተገኘ የገበያው ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም፡፡ ቀጭኑ ኬዝ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፡፡ (በነገራችን ላይ ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ጀርባው ላይ 115/230 የምትል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለች ተመልከቱ፡፡ 115 ላይ እንዳለች እኛ ግድግዳ ላይ ከተሰካች ጌሙ ቀርቶ ማሽኑም ላይኖር ይችላል፡፡)

ለትልቁ ኬዝ እኛ የምንመክረው ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም 1650 ነው፡፡ ሁለቱም 75 ዋት ናቸው፤ ግን አንዳንድ አምራች ባለ 6 ፒን አድርጎ ስለሚያወጣቸው ጎናቸውን ማየት ነው፡፡ ኢንቪዲያ ለእነሱም 300 ዋት ነው የሚለው፤ በ275 የሚያሠሯቸው ብዙ ናቸው፣ ጠባብ መሆኑን ግን አንደብቅም፡፡ ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ከሆነም አስቡበት፡፡ ከ2016ቱ የ10 ትውልድ ወዲህ የኢንቪዲያ ካርዶች አናሎግ ምልክት አያወጡም፡፡ ተራ ማገናኛ አይበቃም፣ ምልክቱን የሚቀይር አዳፕተር ይገዛል፡፡

ይህን ሁሉ የምናወራው ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ነው፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ፤ ካርድ የሚባለው ዕቃ ደግሞ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው፡፡ አንድ ተማሪ ወራት አጠራቅሞ የገዛው ካርድ ቤቱ ሲደርስ አልገጥም ቢል ሱቁ ግድግዳ ላይ ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› የሚል ወረቀት ይጠብቀዋል፡፡ ካርዱ ደህና ነዋ! ሻጩ ‹‹ይሠራል›› ሲል አልዋሸም፤ የት ላይ እንደሚሠራ ነው ያልተናገረው፡፡ ሻጮችም የሚፈሩት ነገር አለ፤ ደህናውን ወስዶ የተቃጠለ የሚመልስ ሞልቷል፡፡ ይህ ግን ‹‹ኮምፒዩተርህ ምንድነው?›› ብሎ ከመጠየቅ አያግዳቸውም፡፡ ዕውቀቱ ያለው እነሱ ጋ ነው፣ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከኛ ኪስ ነው፡፡

እስኪጠይቁን ድረስ ኬዛችንን ተሸክመን እንሂድ፡፡ ካርዱ እዚያው ሻጩ ፊት ይሰካ፣ ከዚያ ከባድ ጌም ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይሩጥ፡፡ ዊንዶውስ መነሳቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ያኔ ካርዱ ገና ተኝቷል፡፡ አቅም ያነሰው ፓወር ሰፕላይ ድርግም የሚለው ጌሙ ከሞቀ በኋላ ነው፡፡ ‹‹እዚህ አናስሞክርም›› የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ ገንዘቡን ሳትቆጥሩ ወደሚቀጥለው እለፉ፡፡