ዳዮድ ወዲያው አይዘጋም

ዳዮድ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል የሚለው ትምህርታችን እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው እላለሁ። ኮረንቲው አቅጣጫውን ሲለውጥ፣ በውስጡ የተጠራቀመው ቻርጅ ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ዳዮዱ ለቅጽበት ወደ ኋላም ያሳልፋል። በቤታችን መስመር፣ በሴኮንድ 50 ዙር ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ከቁጥር አይገባም። በሴኮንድ 100,000 ጊዜ በሚከፈትና በሚዘጋ ቻርጀር ውስጥ ግን ዳዮዱ ይግላል፤ ትራንዚስተሩም በራሱ ሸክም ላይ ያ የኋሊት ኮረንቲ ተደርቦበት ሊቃጠል ይችላል።

1ኤን4007 እና ዩኤፍ4007 የተባሉት ሁለቱም እስከ 1000 ቮልትና 1 አምፔር ይችላሉ፤ መልካቸውም መንትያ ነው። ሁለተኛው ግን በ75 ናኖሴኮንድ ውስጥ ይዘጋል፤ የፊተኛው ለፍጥነት አልተሠራም። የሰው ዕቃ የምንጠግን ተማሪዎች ቮልቱንና አምፔሩን ብቻ አይተን ብንለውጥ መልሰን እናቃጥለዋለን (ባለቤቱም ሁለተኛ አይሰጠንም)። ስለዚህ የተከበሩ መምህራኖቻችን ይህን በኦሲሎስኮፕ የሚያሳዩበት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቅዱልን በአክብሮት እለምናለሁ።