ለሚቆይ ሰው የሚተከል ሐረግ

ከሱቅ የምትገዙት ኪዊ ቆዳው ቡናማና ጸጉራም ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ታናሽ እህቱ ስለ ኮሎሚክታ ነው። ፍሬዋ የወይን ፍሬ ታክላለች፤ ጸጉር ስለሌላት ከነቆዳዋ ትበላለች። እኔ በሚኒሶታ፣ ከቤታችን ጓሮ፣ አጥሩ ሥር ተክያታለሁ።

ኮሎሚክታ የመጣችው ከሩሲያ ምሥራቅ፣ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከጃፓን ነው። ስለዚህ ብርድ ለምዳለች። በበረዶው ወራት ቅጠሏን አራግፋ ስትተኛ፣ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ የሚወርድ ብርድ ትችላለች። የሚጎዳት በረዶው ከቀለጠ በኋላ የሚመጣ ውርጭ ነው፤ ለጋ ቡቃያዋን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። በዚያ ሌሊት አሮጌ ብርድ ልብስ እናለብሳታለን።

ችግኝ ስትገዙ ወንድና ሴት መግዛታችሁን አረጋግጡ። ወንዱ ፍሬ አይሰጥም፤ ያለ እሱ ግን ሴቷ አታፈራም። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃል። ውሃ የሚያቁር መሬት ሥሯን ስለሚያበሰብስ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። ጠንካራ እንጨትና ሽቦም አዘጋጁላት። ድመቶች ሽታዋን ስለሚወዱ፣ ችግኟን በወንፊት ሽቦ ክበቧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ለማፍራት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጅባታል። ይህን ስነግራት እማዬ፣ «አምስት ዓመት? እስከዚያ አገራችን እንገባ የለም እንዴ!» አለችኝ።

እኛ ቤት ሁልጊዜ የሚተከለው ጎመንና ቃሪያ ነበር። ጎመን በሁለት ወር ይደርሳል፤ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ሐረግ ግን ለሚቆይ ሰው ነው።

ሐረግ ማለት በሌላ ነገር ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ተክል ነው። አማርኛ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚወርደውንም ትውልድ በዚሁ ቃል ይጠራዋል፦ የዘር ሐረግ። እኔም ያደግሁት፣ አማርኛ የተማርሁትም እዚሁ ቤት ነው። ልጆቼ አንድ ቀን ከአጥሩ ላይ ፍሬ ቢለቅሙ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው፤ ገና አላፈራችም። እማዬ ዛሬም አገር ቤት ስለ መግባት ታወራለች። ውርጭ ይመጣል በተባለ ማታ ግን፣ ብርድ ልብሱን ይዛ ቀድማኝ የምትወጣው እሷ ናት።