ከዋጋው በፊት ቺፑ ይጠየቅ

ከአጅባር ወይም ከመካነ ሰላም ተነስቶ ለኮምፒውተር ዕቃ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚከፍለው የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም። የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለበት። የገዛው የኔትዎርክ ካርድ አልሠራ ካለ ይኸው ወጪ ይደገማል። ለከተማው ሰው «ነገ እቀይረዋለሁ» የሚባለው ስህተት ለእርሱ ኪሳራ ነው።

ችግሩ የሚብሰው ኮምፒውተሩ በሊኑክስ ወይም በፍሪ ቢኤስዲ የሚሠራ ሲሆን ነው። ከካርዱ ጋር የሚመጣው ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ነው። የሊኑክስ ድራይቨር ግን በአመዛኙ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ከሌለ ከኢንተርኔት መፈለግ ሊኖርበት ነው። ኢንተርኔቱን የሚያስገኘው ደግሞ ያው ያልሠራው ካርድ ነው! ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረም አይዘነጋም።

ለመሆኑ ገዢው ምን ይጠይቅ? ድራይቨሩ የሚያውቀው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የንግድ ስም ሳይሆን ካርዱ ላይ ያለውን ቺፕ ነው። ቲፒ ሊንክ 722ኤን የተባለው የዩኤስቢ ሽቦ አልባ ካርድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ስሪት የአቴሮስ ቺፕ ሲኖረው ሁለተኛው የሪልቴክ ነው። ስሙ አንድ፣ ድራይቨሩ ግን ሌላ። የቺፑ ዕድሜም መታየት አለበት። 2.5 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው ሪልቴክ 8125 በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወጣው ስሪት 5.4 ነው። ከዚያ በፊት በተቀዳ የሊኑክስ ዲስክ አዲሱን ካርድ ለማስነሳት መሞከር ድካም ነው።

ለአንድ ጠረጴዛ ኮምፒውተር በሊኑክስ ለሚሠራ ሰው የተለመደው ባለገመድ ሪልቴክ 8168 ይበቃል፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ሰርቨር፣ በተለይም ለፍሪ ቢኤስዲ፣ ጨመር አድርጎ እንደ አይ 210 ያለ የኢንቴል ካርድ መግዛት ይሻላል። በሁለቱም ሲስተሞች ውስጥ ድራይቨር አለው። ሆኖም የታወቀ ስም አስመሳይ አያጣምና ማኅተሙን ብቻ አይቶ ማመን አይገባም።

የነጋዴው ድርሻም አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስህተትን የሚችል ዋጋ የለውም። ባለሱቁ የቺፑን ስም ከዋጋው ጎን ቢጽፍና ገዢው በፍላሽ ዲስክ ይዞት በመጣው ሊኑክስ ካርዱን እዚያው እንዲሞክር ቢፈቅድ የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚያተርፈው ግን ከሩቅ አገር ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው። የማያስሞክር ሱቅ ቢያረክስም ይታለፍ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ የአጅባሩ ገዢ ደግሞ የሚለቅመው ሌላ መንገድ ተጉዞ ነው።