ጓዳ የሌለው ቤት

እናቴ የፊልም ደጃፍ የረገጠችው በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ዳባት፣ እኔን ጆሮዬን ይዛ ልታወጣ። አንዴ ሎስ አንጀለስ፣ የእህቴ ልጆች ግራና ቀኝ እጇን ይዘው ሊያስገቧት። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ።

የዳባቱን ላስቀድም። ያኔ ቪዲዮ ቤት ማለት ከአውራ ጎዳናው ገባ ያለ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ የጭቃ ቤት ነው። መቀመጫው በድንጋይ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠውም እንዲያየው ጣሪያው ሥር የተሰቀለ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ፊልሙ ብዙ ጊዜ ወይ ሕንድ ነው ወይ ካራቴ። ቋንቋውን የሚሰማ የለም፤ ግን ከፊት የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ልጅ አይጠፋምና ከልቡ እየፈጠረ ይተረጉምልናል። ሁለት ሰዎች በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ሲነጋገሩ ቆይተው እሱ "የአባቱን ደም ሊመልስ ነው" ይላል። በቃ፣ ገባን። መሳሳም ሲመጣ ባለቤቱ ተነሥቶ ስክሪኑን በጋቢው ይሸፍናል። ደግሞ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተሩ አይሞትም። "አክተር" ለእኛ ተዋናይ ማለት አልነበረም። አክተር አንድ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው። የቀረው ሁሉ የቦሱ ሰው ነው።

እናቴ በሩን በርግዳ ስትገባ የከሰዓቷ ፀሐይ አብራት ገባችና ስክሪኑ ጠፋ። ቤቱ በአንድ ድምፅ "በር!" አለ። እሷ አርጩሜዋን እንደያዘች ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረ። አንድ ሰው መስታወት ሰብሮ ከፎቅ ወረደ።

"አበስኩ ገበርኩ! ሞተ?" አለች።

"አይሞትም፣ አክተሩ ነው!" አላት ቤቱ በሙሉ።

ጆሮዬን ግን አልማረችውም። ቤት እስክንደርስ "የሰይጣን ቤት! የሰይጣን ቤት!" እያለች ነው የነዳችኝ። አዲስ አበቤዎች ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ያወጡት ስም ይኸው እንደነበር የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እናቴ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባን አይታ አታውቅም።

እህቴ የምትኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 "ትንሿ ኢትዮጵያ" ብሎ ከሰየመው ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም አትርቅም። ባለፈው ዓመት እናቴን ይዤ ስሄድ ልጆቿ አያታቸውን የት እንደሚወስዷት ከወር በፊት ወስነው ጨርሰዋል። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ። እኔ ባሕር ዳርቻው ይሻላታል ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

ቦታው መጫወቻ ሆኖ አልተጀመረም። ካርል ሌምሌ የተባለ ከጀርመን የፈለሰ ሰው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1915 የፊልም ከተማውን ሲከፍት፣ እኛ ዘንድ የልጅ ኢያሱ ዘመን ነበር፣ ሕዝቡ የዶላር ሩብ ከፍሎ ድምፅ አልባ ፊልም ሲሠራ ተቀምጦ እንዲያይ ፈቀደ። በዚያው ዋጋ የዶሮ ምሳ ይታደላል። ተመልካቹ ለአክተሩ ያጨበጭባል፣ ቦሱን ይጮኽበታል። ፊልሙ ድምፅ ስለማይቀዳ ማንም አይቆጣውም። ኋላ ፊልም አፍ ሲያወጣ የተመልካቹ ጩኸት ረባሽ ሆነና ጉብኝቱ ቆመ። የዛሬው ጉብኝት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ይህን ሁሉ በሰልፉ ላይ ሳጫውታት እናቴ የያዘችው አንዲት ነገር ነው።

"ዶሮው ቀርቷል?"

"ቀርቷል፣ እማዬ።"

"ምነው? ስስት ገባቸው?"

ትራም በሚሉት፣ ሐዲድ ግን በሌለው ረጅም ተሳቢ መኪና ተሳፍረን ወደ ጓሮው ገባን። ሰው ሠራሽ ኩሬ አለ፤ ከውስጡ እ.ኤ.አ. በ1975 "ጆውስ" በሚባለው ፊልም ዓለምን ከባሕር ያስወጣው ሻርክ ጥርሱን ገጥጦ ብቅ ይላል። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እናቴ በሥላሴ ስም አማተበችና ዓሣው መያዣ እንዳለው ጠየቀችኝ። ቀጥሎ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ገብተን መሬት ተንቀጠቀጠ፤ ጣሪያው ተሰነጠቀ፣ ከላይ የጭነት መኪና ተንሸራትቶ ወረደ፣ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጣ። ወጣ ስንል ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሶ ለሚቀጥለው ተሳፋሪ ይዘጋጃል። "ሳይኮ" የተባለው የሂችኮክ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1960 ያስፈራበት ቤትም ኮረብታው ላይ እንዳለ አለ፤ እናቴ ግን ስለ መጋረጃው ማርጀት ካልሆነ አስተያየት አልነበራትም።

የወደደችው ጎርፉን ነው። ደረቅ፣ ፀሐይ የመታው የመንደር ቁልቁለት ላይ ትራሙ ቆመ። ዝናብ መጣል ጀመረ፤ እኛ ላይ አይደለም፣ መንደሩ ላይ ብቻ። ከዚያ ከላይ በኩል ድፍርስ ውኃ እየተገለባበጠ መጥቶ በአጠገባችን አለፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሬቱ ውኃውን ዋጠው።

"ወዴት ሄደ?"

"መልሰው ይስቡታል። አሁን ለኋለኞቹ ይለቁታል።"

ዝም አለች። ዳባት ላይ ስንቱን ዓመት በጀሪካን ውኃ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ግንቦት ባለቀ ቁጥር ሰማይ ሰማይ እያየች የገብሱን ነገር ታሰላለች። "ክረምትን በቁልፍ!" አለች በመጨረሻ። ቀኑን ሙሉ ይህችኑ እየደጋገመች ዋለች። እኔም ከዩኒቨርሳል የማልረሳው ጎርፉን ሳይሆን የእሷን ፊት ነው።

የእኔ ምርጥ ሌላ ነው። "ባክ ቱ ዘ ፊውቸር" እ.ኤ.አ. በ1985 የተቀረጸበት የከተማ አደባባይ አለ፤ ሰዓት ያለበት ትልቅ ፍርድ ቤት፣ ዙሪያውን ሱቅ፣ ሣር። በልጅነቴ ያ ግንድ ላይ ተቀምጬ አሜሪካ ማለት ይህ ነው ብዬ የያዝኩት ምስል እዚያ ቆሟል። ትራሙ ግን ዞረና ጀርባውን አሳየን። ምሰሶ፣ ማገር፣ ድጋፍ እንጨት። ቤቱ ፊት ብቻ ነው።

"ጓዳ የለውም እኮ!" አለች እናቴ፣ ጎረቤቷን የታዘበች ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እንግዳ ቢመጣባቸው ምን ሊያበሉት ነው?"

ከአጠገባችን የተቀመጡት ለምን እንደምስቅ አልገባቸውም።

የሃሪ ፖተር መንደር እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ነው። በዚያ ሁሉ የካሊፎርኒያ ፀሐይ የቤቱ ጣሪያ በረዶ ለብሷል፤ ቀለም ነው፣ አይቀልጥም። ሰው ካፖርት ደርቦ፣ ላቡን እየጠረገ፣ በረዶው ሥር ፎቶ ይነሣል። እኛ ዘንድ፣ ከደባርቅ በላይ፣ ውርጭ ማለት ባቄላ ማለት ነው፤ ባቄላው በአበባው ሳለ አንድ ሌሊት ከጣለ የዓመት ጉሮሮ ተዘጋ። "ውርጭ ለማየት ይከፈላል?" አለችና የልጅ ልጇን ካፖርት አወለቀችለት።

ከዚያ የጁራሲኩ ጀልባ። በዳይኖሰሮቹ መካከል እያዘገምክ ትሄድና መጨረሻ ላይ ከ25 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ወደ ውኃ ትወረወራለህ። የእህቴ ትልቁ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ "አትፍራ" ይለኛል። ልጄ፣ እኔ በሊማሊሞ ያደግሁ ነኝ! ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ፣ ጣሊያን ከገደሉ ወገብ ላይ በቀደደው መንገድ፣ በአይሱዙ እህል ጭነት ላይ ተቀምጬ ወርጃለሁ። በየመጠምዘዣው ረዳቱ ድንጋይ ይዞ እየዘለለ ይወርዳል፣ ጎማ ሥር ሊወትፍ። ከታች ደመና አለ፤ ደመናው ገለጥ ሲል የማትፈልገውን ጥልቀት ታያለህ። ሴቶቹ ማርያምን ይጠራሉ፣ ሹፌሩ ጫቱን ያመቻቻል። እዚህ ግን ወገቤ ላይ ብረት አስረውልኝ፣ መርማሪ ሁለት ጊዜ ነቅንቆ አይቶልኝ ነው የምወርደው። እውነቱን ልናገርና ጮህኩ። ልጁ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

የቀኑ መጨረሻ "ዋተርወርልድ" የተባለው የውኃ ላይ ትርኢት ነበር። ትርኢቱ የተነሣበት ፊልም ያን ያህል ገንዘብ ፈስሶበት ብዙም ሳይወደድ ቀርቷል፤ ትርኢቱ ግን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይኸው እስካሁን ሰው ይሞላዋል። ጀልባ ይበራል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ አውሮፕላን በአጥር ላይ ዘሎ ውኃው ላይ ያርፋል፣ እሳቱ እስከ ፊታችን ይጋረፋል። መጀመሪያ የፈነዳው ጊዜ እናቴ እጄን ያዘች። አልለቀቀችውም። እውነተኛውን ድምፅ ታውቀዋለች፤ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ዘልቆ ያ ሁሉ ገበሬ በየደጁ ሲገደል እሷ ቤቷ ነበረች። እንውጣ አልኳት። ልጆቹን አይታ እምቢ አለች።

በመጨረሻ አንድ ሰው በእሳት ተያይዞ ከማማው አናት ወደ ውኃው ወደቀ።

"ይኼ አክተሩ ነው?" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልረሳችውም ማለት ነው።

"አይደለም እማዬ፣ ቦሱ ነው።"

"ቢሆንም። እናት አለው።"

ትርኢቱ ሲያልቅ የሞቱት ሁሉ ተሰልፈው ወጥተው እጅ ነሡ። እናቴ ያጨበጨበችው ያኔ ብቻ ነው።

ማታ ቡናው ሲፈላ ልጆቹ "በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?" ብለው ጠየቋት። የለም ትላለች ብዬ ስጠብቅ የደረስጌን ነገር ጀመረችላቸው። ደጃዝማች ውቤ ስሜንና ትግሬን ገዝተው ለንጉሥነት ሲዘጋጁ ጃናሞራ ላይ ደረስጌ ማርያምን ያሠራሉ። ጳጳስ የለም ሲባሉ ገንዘብ አውጥተው አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ጳጳሱ አለ፣ የቀረ ዘውዱን መድፋት ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ደርሶ ደረስጌ ላይ ይገጥማቸዋል፣ ድል ያደርጋቸዋል፣ ይማርካቸዋል። በቀናት ውስጥ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ይነግሣል። ደግሞ አላለቀም። ቴዎድሮስ ውቤን አስረው ልጃቸውን ጥሩወርቅን ያገባሉ። ከእሷ ዓለማየሁ ይወለዳል፤ ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች ይወስዱታል፣ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በሰው አገር ይሞታል፣ ዊንድዘር ይቀበራል።

ትልቁ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ቃሉን ከእኔ ነው የተማረው፣ "አክተሩ የቱ ነው?" አለ። እናቴ የስሜን ልጅ ናት፤ ውቤን አሳልፋ አትሰጥም። ቴዎድሮስን ደግሞ ማን ይተዋል? ሲኒውን አስቀምጣ "ጠጣ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" አለችው።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ ጀምሮ በእናንተ አገር አለ ወይ የምትለዋ የልጆቹ ጥያቄ ታሳክከኛለች። ስሜን የፊልም እንግዳ አይደለም። ቢቢሲ "ፕላኔት ኧርዝ" በተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ተራሮች በተናገረበት ክፍል ጭላዳዎቻችንን ለዓለም አሳይቷል፤ ሣር ሲግጡ፣ ሲጣሉ፣ በገደሉ ጫፍ ሲያድሩ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ባሉት መዝገብ ቆይቶ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ለንደን ያለ ልጅ ሳሎኑ ተቀምጦ አይቶታል። ደባርቅ ለማውቃቸው ልጆች ግን ጭላዳ ማለት የአባታቸውን ገብስ የሚያጠፋ፣ በወንጭፍ የሚባረር ነገር ነው። እነሱም አልተሳሳቱ፤ ያሳያቸው የለም።

ሃያ አምስት ሜትር የሚወረውር ጀልባ አምጡ አልልም። ሊማሊሞ ይበቃናል። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ጊዜው ሰላም ሆኖ እንግዳ ሲመጣ ደባርቅ ያድራል፤ ፈቃዱን ቆርጦ፣ አስጎብኚና ጠባቂውን ይዞ፣ በጠዋት ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር ሊወጣ። ማታውን ምን ያደርጋል? ሆቴል ተቀምጦ ይበርደዋል። ያንን ማታ አንድ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር ይሞላዋል። የስሜን ፊልም ይታይበት፤ ከዚያ አንድ የጃናሞራ ሽማግሌ ተነሥቶ የደረስጌን ይተርክ፣ አንድ ተማሪ ያስተርጉም። እንግዳው ይክፈል፣ የከተማው ልጅ በሃምሳ ሳንቲም ይግባ።

የደባርቅ ከተማ አስተዳደር፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ፤ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ግድግዳውን ስጡን። ፕሮጀክተሩን እኛ ውጭ አገርና አዲስ አበባ ያለን የዳባትና የደባርቅ ልጆች አዋጥተን እንገዛለን። እህቴ የራሷን ድርሻ አስቀድማ ልካለች፤ ገንዘቡ እኔ ዘንድ ነው።