ለዘመድ የሚላክ የገና ጌጥ በገዛ እጅ ቢሠራ ይሻላል

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በቀረበ ቍጥር፣ በዚህች በቅድስት ከተማ የምንኖር ደቀ መዛሙርትም ሆንን ከአገር ቤት የሚመጡ ተሳላሚዎች አንድ ሐሳብ ይይዘናል፤ ይኸውም «ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ ለእኅቴ፣ ለክርስትና ልጄ ምን ልላክላቸው?» የሚለው ነው። ከኢየሩሳሌም ባዶ እጅን መመለስ እንደ ነውር ይቈጠራልና ብዙዎች ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ከአንድ ዓይነት መስቀል ወይም ከአንድ ዓይነት ኮከብ አንድ ደርዘን፣ ሁለት ደርዘን ይገዙና አገር ቤት ሲደርሱ ለተገኘው ሁሉ ያድላሉ። ይህን ማድረግ ኃጢአት ነው አልልም። ነገር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ስለማምን ሐሳቤን ለአባቶችና ለእናቶች፣ ለወንድሞችና ለእኅቶች ለማቅረብ ደፈርሁ። ሐሳቤም በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ለዘመዶቻችን የምንሰጠውን የገና ጌጥ በገዛ እጃችን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለይተን፣ ስሙን እያሰብን ልንሠራው ይገባናል።

ለዚህ ነገር አስተማሪያችን የሳሙኤል እናት ሐና ናት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 2 እንደምናነበው፣ ሐና በስእለት ያገኘችውን ልጇን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ፣ መሥዋዕት ለማቅረብ ከባሏ ጋር በምትወጣበት ጊዜ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር በዝግታ እንመርምረው። ልጁ በየዓመቱ ያድጋል፤ ሐና ግን የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ አምና ባየችው ልክ ብትሰፋ ልብሱ ያጥረዋል። «አሁን ክንዱ የት ደርሶ ይሆን? ትከሻው ምን ያህል ሰፍቶ ይሆን?» እያለች መገመት ነበረባት። እንግዲህ የመደረቢያው ዋጋ በጨርቁ ብቻ አይደለም፤ በያንዳንዱ ስፌት ልጇን በማሰቧ ነው። በእጅ የሚሠራ ስጦታ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። የሚሠራው ሰው በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ የሚቀበለውን ሰው ለማሰብ ይገደዳልና።

የተገዛ ዕቃ ግን ይህን አያስገድድም። አንድ ደርዘን ኮከብ የገዛ ሰው ስለ አሥራ ሁለት ዘመዶቹ አላሰበም፤ ያሰበው ስለ ቍጥራቸው ነው። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ማለታቸው በማዕድ ላይ ብቻ የሚነገር አይደለም። በዛሬው ዘመን በሐዋላ የምንልከው ገንዘብ ለበዓል በግ ወይም ለልጆች ደብተር ይውላል፤ ይህ መልካም ነው፤ ሊቀርም አይገባውም። በእጅ ስልክ የምንልከው ሥዕልም ታይቶ ያልፋል። በምሰሶ ላይ ወይም በሥዕለ ማርያም አጠገብ የተንጠለጠለው ትንሽ ጌጥ ግን በየዓመቱ ከሙዳይ እየወጣ «ልጅሽ አስቦሻል» ይላል። ፊደል ያልቈጠረች እናት ደብዳቤውን የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች፤ ጌጡን ግን ራስዋ ታነበዋለች።

አንዳንድ ሰዎች «ጌጥ ማንጠልጠል የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ዛፍ ላይ ጌጥ ማንጠልጠል የመጣው ከወደ አውሮፓ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1605 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ማስታወሻ፣ ሰዎች በየቤታቸው የጥድ ዓይነት ዛፍ አቁመው ከቀለም ወረቀት የተቈረጠ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ቂጣና ጣፋጭ ነገር ይሰቅሉበት እንደ ነበር ይናገራል። በእነርሱ ዘንድ የልደት ዋዜማ የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ስለ ነበረ፣ ፖሙ የገነትን ዛፍ ያሳስብ ነበር። 5500 ዘመን ሲፈጸም ለአዳም የተሰጠው ተስፋ በቤተ ልሔም እንደ ተፈጸመ የምንማር እኛ ይህን ምሳሌ ለመረዳት አንቸገርም። ደግሞም ልብ እንበል፤ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ጌጦች ሁሉ በቤት ውስጥ በእጅ የተሠሩ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር ላውሻ በምትባለው መንደር የብርጭቆ ጌጥ ንግድ በተስፋፋ ጊዜ እንኳ፣ አባት ብርጭቆውን ሲነፋ እናትና ልጆች ቀለሙን ይቀቡ ነበር። በመኪና መሠራቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ስለዚህ በእጅ መሥራት ከልማዱ መራቅ ሳይሆን ወደ ልማዱ ሥር መመለስ ነው። የእኛ ጌጥም ዛፍ ላይ መሰቀል ግድ የለበትም። አንድ ጥድ ሳይቈረጥ በምሰሶ፣ በመስኮት ወይም በሥዕል አጠገብ ሊውል ይችላል።

አሁን ምን እንሥራ? ወደሚለው ልመለስ። እኛ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ዕድለኞች ነን፤ የምንሠራበት ነገር በእጃችን ነውና።

አንደኛው የወይራ እንጨት ነው። በዚህ አገር ባለ ወይራዎች ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ ዛፉን ሲመለምሉ ቅርንጫፍ ይተርፋል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ መውሰድ ይቻላል። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃልና በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ስለዚህ የዘንድሮው ቅርንጫፍ ለከርሞ ገና ነው የሚሆነው። ሲደርቅ በመጋዝ በስሱ ተቈርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ወጥቶለት፣ ጥቂት ዘይት ቢቀባ የውስጡ መስመር ቍልጭ ብሎ ይታያል። የአገራችን ወይራ የዚህ ዛፍ የሥጋ ዘመድ ነው። እናቶቻችን ወይራን የሚያውቁት የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ሲያጥኑበት ነው። ለእናት የወይራ ጌጥ ብንልክ የምታውቀውን ዛፍ በአዲስ መልክ ታየዋለች፤ ለእርሷ የሚስማማት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰምና የጥጥ ፈትል ነው። የተፈተለ ጥጥ በቀለጠ ንጹሕ ሰም እየተነከረ ጧፍ እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን። ሰሙን በቀጥታ በእሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ማቅለጥ ከቃጠሎ ያድናል። ጧፉ ሳይቀዘቅዝ በክብ ቢጠመጠም በክር የሚንጠለጠል ጌጥ ይሆናል፤ በበዓሉ ሌሊት ደግሞ ይበራል። ይህ ማኅሌት ለሚቆም አባት፣ ወይም ዐይኑ ለደከመ አያት የተገባ ነው። በርቶ ስለሚያልቅም በሚመጣው ዓመት ሌላ እንድንሠራ ግድ ይለናል።

ሦስተኛው ዘንባባ ነው። በሆሣዕና ዕለት በራሳችንና በጣታችን የምናስረው ዘንባባ ደርቆ ከተቀመጠ፣ በውሃ ተነክሮ ሲለዝብ እንደ ገና ለመጐንጐን ይታዘዛል። ከእርሱ የተጐነጐነ ኮከብ የሰብአ ሰገልን ጕዞ ያሳስባል፤ ዘንባባው ግን ይህ ሕፃን በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ገባ ይናገራል። ይህ መሶብ መስፋት ለምታውቅ እኅት ቢላክላት ደስ ይላታል፤ እርሷ የእጃችንን ጕድለት ወዲያው ታያለችና ትስቃለች፤ ሳቋም የስጦታው ክፍል ነው።

አራተኛው የእኛ የተማሪዎች ልዩ ሥራ ነው። ከብራና ሥራ በተረፈ ቍራጭ ላይ፣ ቍራጩ ባይገኝም በወፍራም ወረቀት ላይ፣ በመጻሕፍት ራስ እንደሚሳለው ያለ ትንሽ ሐረግ ስለን ከሥሩ የዘመዳችንን የክርስትና ስም እንጻፍ። ጸሐፍት ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም እንደሚጽፉ እናውቃለን። እንግዲህ «ወለተ ማርያም» ብለን ስንጽፍ «ወለተ» የሚለው በጥቍር፣ «ማርያም» የሚለው በቀይ ይሆናል። ታናሽ እኅታችን በስምዋ ውስጥ የማን ስም እንዳለ በዐይኗ ታያለች። በመንደር ሁሉ በዓለም ስሟ የምትጠራ ልጅ የክርስትና ስሟን እንዲህ ተጽፎ ስታገኘው፣ ይህን ስጦታ ከሌላ ሰው ጋር ልትለዋወጠው አትችልም።

በዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሁሉም የራሱን ቢሠራ የቤተ ልሔም ጠራቢዎች በምን ይኑሩ? ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። በቤተ ልሔምና በአካባቢዋ የወይራ እንጨትና የዛጎል ሥራ ለብዙ ቤተ ሰቦች እንጀራ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ከዚያ ሥራ የወጡ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ምሳሌዎች፣ በወይራ እንጨት ተሠርተው በዛጎል የተለበጡ፣ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ ከ2023 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ተሳላሚ ሲጠፋ እነዚህ ሰዎች ብዙ ተጐድተዋል፤ በ2023ና በ2024 ዓ.ም. በቤተ ልሔም አደባባይ የገና ዛፍ እንኳ አልቆመም ነበር። ስለዚህ እኔ ከጠራቢው አትግዙ አልልም። የምቃወመው ከሩቅ አገር ፋብሪካ መጥቶ የቤተ ልሔም ሥራ ተብሎ የሚሸጠውን ነው። ከሱቅ ከመግዛት ይልቅ ወደ ጠራቢው ቤት ሄደን፣ ሲሠራ አይተን፣ ያልተጌጠ እንጨት ወይም አንድ ያማረ ሥራ ከራሱ ከሠሪው ብንገዛ እርሱም ይጠቀማል። ከዚያ በኋላ ክሩን፣ ስሙንና ጸሎቱን እኛ እንጨምር። እንዲህ ሲሆን ስጦታው የሁለት ሰው እጅ ያረፈበት ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከእኛው ወገን ነው። «መነኵሴ መጽሐፈ ግንዘት ተነቦለት ለዓለም የሞተ ነው፤ ለሥጋ ዘመድ ጌጥ መሥራት ምን አግብቶት?» ይባላል። ይህን የሚሉትን አባቶች አከብራለሁ፤ የሚሉትም ለመንፈሳችን ተጠንቅቀው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የመነኮሳት አባት እንጦንስ በእጁ ይጐነጕን ነበር፤ የእጅ ሥራ ለመነኵሴ ከስንፍና የሚጠብቅ አጥር ነው። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ ለእናቱ አስቦ ለደቀ መዝሙሩ ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷታል። ለዓለም መሞት ወላጅን መርሳት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተደረገ ነበር። ብዙዎቻችን እናቶቻችንን በሥጋ ዳግመኛ ላናያቸው እንችላለን፤ ሲያርፉም በመቃብራቸው አጠገብ ላንቆም እንችላለን። እንግዲህ በሕይወት ሳሉ አንድ ትንሽ ነገር በእጃቸው እንዲገባ ማድረግ የልጅነት ዕዳ ይመስለኛል። ድንበሩ ግን ይጠበቅ፤ በአበ ምኔት ፈቃድ ይሁን፣ ከጸሎትና ከትምህርት ሰዓት አይወሰድ፣ ለሽያጭም አይዋል።

«እጄ ሥራ አያውቅም» የሚልም አለ። ለእርሱ የኦሪትን ድንኳን አሳስበዋለሁ። ባስልኤል በጥበብ የተሞላ ነበረ፤ ሴቶቹ ግን የፍየል ጠጕር ፈተሉ፤ ድንኳኑ ወርቁንም የፍየሉንም ጠጕር ተቀብሎአል። ዘመዶቻችንም ከእኛ የባስልኤልን ጥበብ አይጠብቁም። ጠማማ ኮከብ የማን እጅ እንደ ሠራው ያስታውቃል፤ ከፋብሪካ የወጣው ቀጥ ያለ ኮከብ ግን ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ወንድሞቼ ደቀ መዛሙርት፣ እናንተም በረከት ፈልጋችሁ የመጣችሁ ተሳላሚዎች፣ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት እስኪገባ አንቆይ፤ ዕቃው መንገድ ላይ ይዘገያልና የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ እንጀምር። የዘመዶቻችንን ስም በወረቀት እንጻፍ፤ ብዙ ከሆኑ ዘንድሮ ሦስቱን ወይም አራቱን ብቻ እንምረጥ፤ የቀሩትን ለከርሞ እናቆይ። በአንድ ምሽት ለአንድ ሰው ብቻ እንሥራ፤ እጃችን ሲሠራ አፋችን ስለዚያ ሰው አቡነ ዘበሰማያት ይድገም። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈልን፣ እመቤታችን በዚያች ሌሊት ልጇን የጠቀለለችው በገዛ እጅዋ ነው። በዓሉ ከእናት እጅ የጀመረ ነውና፣ እኛም የእጃችንን ሥራ ለእናቶቻችን ብንልክ በዓሉን በሚገባ አከበርን ማለት ነው።

የልደቱን በዓል በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።